የልብ አልትራሳውንድ ሥልጠና፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

የልብ አልትራሳውንድ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ከሱ የሚቀድሙ ሦስት አሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፕሮቡ (ታካሚው ደረት ላይ የሚያርፈው፣ በእጅ የሚያዘው የማሽኑ ክፍል) ስንት ሰዓት በእጄ ይሆናል? አጠገቤ ቆሞ የሚያርመኝ ማነው? ስጨርስስ የትኛውን የሙያ ፈተና እንድቀመጥ ይፈቀድልኛል? እነዚህን በግልጽ የማይመልስ ትምህርት ቤት፣ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ባትከፍሉበት ይሻላል።

ለምን እንዲህ እንደምል ሥራውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይገባዋል።

ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል። ግራ እጁን ከራሱ ሥር ያደርጋል። እንዲህ ሲተኛ ልቡ ወደ ደረቱ ግድግዳ ይጠጋል፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ትንሽ ይሰፋል። አልትራሳውንድ በአጥንት ውስጥም በአየር ውስጥም እንደልብ አያልፍም። ስለዚህ ልብ የሚታየው በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ነው። ሳንባ ደግሞ በየትንፋሹ እየመጣ ይጋርደዋል። «ትንፋሽዎን ያስወጡ፣ እዚያው ላይ ያዙት» ይባላል። ለጥቂት ሰከንድ ምስሉ ጥርት ይላል። በዚያች ሰዓት እጅ ካልቀጠፈ ሌላ ትንፋሽ መጠበቅ ነው።

ይህ ገና ማየቱ ነው። ከባዱ መለካቱ ነው። ልብ ደም ወደ መላው ሰውነት የሚያስወጣበት የአዎርታ ቫልቭ ሲጠብ፣ ደሙ በጠበበው በር በኃይል ይወረወራል። ዶፕለር የሚባለው የአልትራሳውንድ ዘዴ ይህን ፍጥነት ይለካል። በሴኮንድ 4 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥበቱ «ከባድ» ይባላል። ከፍጥነቱ የግፊት ልዩነት ይሰላል፤ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን እንደገና በ4 ማባዛት ነው። 4 ሜትር ላይ 64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይመጣል። አሁን የፕሮቡ ጨረር ከደሙ አቅጣጫ በ30 ዲግሪ ቢያጋድል ማሽኑ 4ቱን 3.46 አድርጎ ያነባል። ግፊቱም ወደ 48 ይወርዳል። ቫልቩ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን «ከባድ» የነበረው «መካከለኛ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ሐኪሙ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የሚያየው የተቀዳውን ብቻ ነው። ያልተቀዳውን ከየት ያመጣዋል?

ጎበዝ ሶኖግራፈር (በአልትራሳውንድ የሚመረምረው ባለሙያ) ታዲያ ከአንድ ቦታ ለክቶ አይረካም። ከልብ ጫፍ ይለካል፣ ከደረት አጥንት በስተቀኝ ይለካል፣ አንገት ሥር ካለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ ይለካል። ከሁሉም ትልቁን ይይዛል። ለዚህ ሥራ ምስል የማታሳይ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነች ፕሮብ አለች። በጆሮ የደሙን ድምፅ እየሰሙ፣ በዓይን የፍጥነቱን ግራፍ እያዩ ነው አቅጣጫውን የሚያድኑት። ትምህርት ቤት ስትጎበኙ «ተማሪዎቻችሁ በዚህች ፕሮብ ከቀኝ በኩል መለካት ይለማመዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምን ዓይነት ፕሮብ?» ካሏችሁ ምስጋና አቅርባችሁ ውጡ።

መጀመሪያ ቅርንጫፉን ምረጡ

በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሙያው ብዙ ቅርንጫፍ አለው። የአዋቂ ልብ፣ የሕፃናት ልብ፣ የፅንስ ልብ፣ የደም ሥር። ትምህርት ቤቶቹ አንዳንዴ ልብንና ደም ሥርን አንድ ላይ ያስተምራሉ፣ አንዳንዴ ለየብቻ።

ለጀማሪ የአዋቂ ልብ ጥሩ መነሻ ነው። አብዛኛው ፕሮግራም የተሠራው በሱ ዙሪያ ነው፤ የምርመራው ቅደም ተከተልም የታወቀ ነው። ከደረት አጥንት በስተግራ ረጅሙ እይታ፣ ከዚያ አጭሩ፣ ከዚያ ከልብ ጫፍ አራቱን ክፍሎች፣ ከዚያ ከሆድ በላይ፣ ከዚያ ከአንገት ሥር። ቅደም ተከተሉ እስኪሰለቻችሁ ድረስ ትደግሙታላችሁ። መሰልቸቱ ጥሩ ምልክት ነው።

የሕፃናት ልብ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ማንም ልብ በቦታው አለ ብሎ አይጀምርም። የትኛው ክፍል ከየትኛው ደም ሥር ጋር እንደተያያዘ አንድ በአንድ መረጋገጥ አለበት፤ ከተፈጥሮ የመጣ ችግር ያለበት ልብ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ሁሉ ሊገኝ ይችላል። ታካሚውም ትንፋሽህን ያዝ ቢሉት የሚሰማ አይደለም፤ ያለቅሳል፣ ይራገጣል። ብዙዎች ወደዚህ የሚገቡት የአዋቂውን ከተካኑ በኋላ ነው። በቀጥታ መግባት ይቻላል፣ ግን ልምምዱ ከተወለዱ ጀምሮ የልብ ችግር ያለባቸው ልጆች በብዛት በሚታከሙበት ሆስፒታል መሆን አለበት። የፅንስ ልብ ደግሞ ከሁለቱም በኋላ የሚመጣ ነው ብላችሁ ያዙት።

የደም ሥር ምርመራ እጅን በሌላ መንገድ ይጠይቃል። እግር ውስጥ የረጋ ደም አለ ወይ ተብሎ ሲፈለግ ዋናው ዘዴ መጫን ነው። ጤነኛ ደም መልስ ፕሮቡ ሲጫነው ጥፍት ይላል፤ ውስጡ የረጋ ደም ካለ አይጨፈለቅም። በአንገት ደም ቅዳ ላይ ግን ጨዋታው የፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የባለሙያዎች ስምምነት መሠረት፣ ወደ አንጎል የሚሄደው የአንገት ደም ቅዳ ውስጥ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ125 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ጥበቱ ቢያንስ 50 በመቶ፣ ከ230 ሲያልፍ ቢያንስ 70 በመቶ እንደሆነ ይገመታል። እዚህም በጨረሩና በደሙ አቅጣጫ መካከል ያለው አንግል ከ60 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። የትሪግኖሜትሪ ስም ሲነሳ የሚሸሽ ሰው ይህን ከወዲሁ ይወቀው፤ ሒሳቡ ብዙ አይደለም፣ ግን አይቀርም።

ልብና ደም ሥርን አንድ ላይ ማጥናት ጠቃሚ የሚሆነው ትንሽ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ውስጥ ለመሥራት ለሚያስብ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ቢሠራላቸው አይጠሉም። ትልቅ ማዕከል ውስጥ ግን አንዱን በጥልቀት መያዝ ይሻላል። ሁለቱን በ18 ወር ጨርሱ የሚል ፕሮግራም ካያችሁ የልምምድ ሰዓቱ እንዴት እንደተከፋፈለ ጠይቁ።

ሰርተፊኬት፣ አሶሼት፣ ባችለር ወይስ ሥራ ላይ መልመድ?

አሜሪካን በምሳሌነት የምወስደው መንገዶቹ ተለይተው የተቀመጡት እዚያ ስለሆነ ነው።

ከ12 እስከ 18 ወር ገደማ የሚፈጀው የሰርተፊኬት ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የታሰበው ሌላ የጤና ሙያ ወይም ዲግሪ ላለው ሰው ነው። ነርስ ነበርክ፣ ራዲዮግራፈር ነበርሽ፣ ባዮሎጂ ተምረሻል፤ እንግዲህ ለናንተ ነው። አንዳንዶቹን የሚሰጡት ሆስፒታሎች ራሳቸው ናቸው፤ ከነዚያ ውስጥ ጥሩዎቹን ከሁሉም አስበልጣለሁ። ተማሪው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታካሚ አጠገብ ነው። ችግራቸው የሚቀበሉት ተማሪ በጣም ጥቂት መሆኑ ነው፤ ፉክክሩ ከባድ ነው።

ሁለት ዓመት የሚፈጀው የአሶሼት ዲግሪ ከዜሮ ለሚነሳ ሰው በዋጋም በጊዜም ሚዛናዊው መንገድ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ሁለት ዓመት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከቅድመ ኮርሶቹ በኋላ ነው። አናቶሚ፣ ፊዚክስና ሒሳብ አስቀድመው መወሰድ አለባቸው፣ ከዚያ ወረፋ አለ። የካሌንደር ጊዜው ሦስት ዓመት ቢሆን አይግረማችሁ።

የአራት ዓመት ባችለር ፕሮብ አያያዝን ከአሶሼቱ የተሻለ ያስተምራል ብዬ አላምንም። ጥቅሙ በኋላ ነው የሚታየው። ክፍል ኃላፊ መሆን፣ ማስተማር፣ ምርምር ላይ መሥራት፣ ማስተርስ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ዲግሪው ይፈለግበታል። ዕድሜው ገፋ ያለና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግን በአሶሼት ጀምሮ እየሠራ ባችለሩን ቢጨርስ ይቀለዋል።

ሥራ ላይ መልመድ የድሮው መንገድ ነው። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ግን በሩ ጠቧል። የልብ አልትራሳውንድ ላቦራቶሪዎቹ ራሳቸው እውቅና ለማግኘት ባለሙያዎቻቸው ፈተና ያለፉ እንዲሆኑ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ምንም የሌለውን ሰው ቀጥሮ ማስተማር ለቀጣሪው ራስ ምታት ነው። ይህ መንገድ የሚሠራው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ በሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ በኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ቴክኒሺያንነት፣ ላለና አለቃው ሊያስተምረው ፈቃደኛ ለሆነለት ሰው ነው።

ስም እንዳያታልላችሁ

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አንዱ «ካርዲዮቫስኩላር ቴክኒሺያን» የሚለው ስም ነው። በጥቂት ወር የሚያልቁ እንዲህ የሚባሉ ኮርሶች አሉ። የሚያስተምሩት ኢሲጂ ማንሳትን፣ በሩጫ ማሽን ላይ የሚደረግ የልብ ምርመራን መርዳትን፣ ለ24 ሰዓት የሚታሰር መመዝገቢያ መግጠምን ነው። የተከበረ ሥራ ነው። አልትራሳውንድ ግን አይደለም፤ ሲጨርሱም ለሶኖግራፊ ፈተና አያበቃም። ልዩነቱ ደሞዝ ላይም ይታያል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው አሃዝ የሶኖግራፈሮች መካከለኛ ዓመታዊ ደሞዝ 84,470 ዶላር ሲሆን፣ የካርዲዮቫስኩላር ቴክኖሎጂስቶችና ቴክኒሺያኖች 66,170 ነበር።

ሁለተኛው እውቅና የሚለው ቃል ነው። «ኮሌጃችን እውቅና አለው» ማለትና «የልብ አልትራሳውንድ ፕሮግራማችን እውቅና አለው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በአሜሪካ የጤና ሙያ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ዋናው አካል ሲኤኤኤችኢፒ (CAAHEP) ይባላል። እሱ እውቅናውን የሚሰጠው በቅርንጫፍ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለሆድና ለማኅፀን አልትራሳውንድ እውቅና ኖሮት ለአዋቂ ልብ ላይኖረው ይችላል። ድረ ገጹ ላይ ግን አርማው አንድ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ሳይሆን የሲኤኤኤችኢፒን ዝርዝር ተመልከቱ፣ «የአዋቂ ልብ» የሚለው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። እውቅና ያላቸው ፕሮግራሞች ስንት ተማሪ እንደጨረሰ፣ ስንቱ ሥራ እንዳገኘ፣ ስንቱ ፈተናውን እንዳለፈ በይፋ ማውጣት አለባቸው። ከየትኛውም ብሮሹር ይልቅ ይህችን ሠንጠረዥ እመኑ።

እውቅና ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ከተመረቁ በኋላ ፈተና ስላለ ነው። እውቅና ካለው ፕሮግራም የወጣ ሰው በቀጥታ ይፈተናል። ከሌለው የወጣ፣ እንደ ትምህርት ደረጃው፣ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በመስኩ ሠርቶ ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ፈተና ያላለፈን ሰው ማን ይቀጥራል? ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ኤአርዲኤምኤስ ወይስ ሲሲአይ?

በአሜሪካ ሁለት ታላላቅ ፈታኞች አሉ። ኤአርዲኤምኤስ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመ ነው። ለልብ የሚሰጠው ማዕረግ አርዲሲኤስ፣ ለደም ሥር አርቪቲ ይባላል። ሁለት ፈተና ነው ያለው፤ አንዱ የአልትራሳውንድ ፊዚክስ፣ ሌላው የቅርንጫፉ። ሁለቱንም በ5 ዓመት ውስጥ ማለፍ ያስፈልጋል። ተማሪዎች ፊዚክሱን ይፈሩታል፤ ትምህርቱ ከአእምሮ ሳይወጣ ቶሎ መቀመጡ ይበጃል።

ሲሲአይ ሙሉ ትኩረቱ ልብና ደም ሥር ላይ ነው። ማዕረጎቹ አርሲኤስና አርቪኤስ ይባላሉ። በሥራ ልምድ ለመጡ ሰዎችም በር አለው፤ ሥራ ላይ የለመደ ሰው መጀመሪያ የዚህን መመሪያ ቢያነብ ጥሩ ነው። ዓመታት ሠርቶ ወደ ላይ ማደግ ለሚሻ ሶኖግራፈር የላቀ ደረጃ ማዕረግም አለው።

የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ሠራተኞች መካከል አያልቅም። ለኔ ብዙ ትርጉም የለውም። አብዛኛው ቀጣሪ ሁለቱንም ይቀበላል። ልትሠሩበት ያሰባችሁበት አካባቢ የወጡ አሥር የሥራ ማስታወቂያዎችን አንብቡና የሚበዛውን ያዙ። ሁለቱም በየሦስት ዓመቱ ተከታታይ ትምህርት ይጠይቃሉ። እንደ ኒው ሜክሲኮ፣ ኦሪገን፣ ኒው ሃምፕሸርና ሰሜን ዳኮታ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ የግዛት ፈቃድ ይፈልጋሉ።

በሌላ አገር ሐኪም የነበረ ሰው የተለየ በር አለው። ኤአርዲኤምኤስ ለሐኪሞች ለብቻ ያስቀመጠው መስፈርት አለ፤ በቂ የምርመራ ልምድ እንዳላቸው ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። የሕክምና ዕውቀቱ ትልቅ ጉልበት ነው። ግን እጅ ዲግሪ አያውቅም። ሐኪሙም እንደ ማንኛውም ጀማሪ ምስሉን ለማግኘት ወራት ይታገላል፤ ይህን አምኖ የገባ ቶሎ ይለወጣል።

ከአሜሪካ ውጭ

በብሪታኒያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል። በብዛት የሚገባው በልብ ፊዚዮሎጂ ዲግሪ ወይም በሦስት ዓመት የሳይንቲስቶች ሥልጠና ነው፤ ኢኮውን (የልብ አልትራሳውንዱን) የሚለምዱት ሆስፒታል ተቀጥረው እየሠሩ ነው። ከዚያ የብሪታኒያ የኢኮካርዲዮግራፊ ማኅበር ፈተና ይመጣል። ለሙሉው ደረጃ ከጽሑፍና ከተግባር ፈተናው ሌላ 250 ምርመራዎች የተመዘገቡበት መዝገብ ይጠየቃል። ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ወረቀቱ ከእጅ ሥራው አይቀድምም።

አውስትራሊያ ውስጥ መደበኛው መንገድ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ነው። ተማሪው በአብዛኛው የሠልጣኝነት ቦታ ራሱ ማግኘት አለበት፣ እሱ ነው አስቸጋሪው። ካናዳ የራሷ ፈታኝ አላት፣ ሶኖግራፊ ካናዳ። የአንዱ አገር ማዕረግ በሌላው በቀጥታ አያሠራም። ስለዚህ የምትማሩበትን ሳይሆን የምትሠሩበትን አገር መጀመሪያ ወስኑ።

ኦንላይንስ?

ንድፈ ሐሳቡን ኦንላይን መማር ምንም ችግር የለውም። ፊዚክስ፣ አናቶሚ፣ የቫልቭ በሽታዎች፣ የስሌት ቀመሮች፤ እንዲያውም ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ ማየት ይጠቅማል። ግን ፕሮብ በስክሪን አይያዝም። ጥሩ የኦንላይን ፕሮግራም ልምምዱን በሆስፒታል ያስደርጋል። ጥያቄው የልምምድ ቦታውን የሚፈልገው ማነው የሚለው ነው። «ቦታውን ተማሪው ራሱ ያገኛል» የሚል መስመር ካነበባችሁ ቆም በሉ። ሆስፒታሎች የማያውቁትን ተማሪ መቀበል አይወዱም። ክፍያውን ጨርሰው፣ ንድፈ ሐሳቡን አልፈው፣ ቦታ አጥተው የቀሩ አሉ።

ምስል እንዴት እንደሚነሳ የሚመራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷልና ሙያው ያልቅለታል የሚሉም አልጠፉም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ፈቅዷል፤ ልዩ ሥልጠና የሌለው የጤና ሠራተኛ መሠረታዊ የልብ ምስሎችን እንዲያነሳ ይረዳል። መሠረታዊዎቹን። ከላይ ያነሳሁትን የጠበበ ቫልቭ ከየአቅጣጫው እያሳደደ የሚለካው ግን አሁንም ሰው ነው።

ስለ ሰውነታችሁም አስቡ

ይህን ትምህርት ቤቶች በማስታወቂያ አይነግሯችሁም። ሥራው ትከሻ ይበላል። በሶኖግራፈሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት ከ10 ሰው 8 ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሕመም እያለበት እንደሚሠራ ነው። ትከሻ፣ አንገት፣ የእጅ አንጓ፣ ወገብ። በየቀኑ ፕሮቡን እየተጫኑ ክንድን ዘርግቶ መያዝ ቀላል አይደለም። በአንዳንድ ቦታ በቀኝ እጅ ከታካሚው ጀርባ ዞረው ይሠራሉ፣ በሌላው በግራ እጅ ከፊት ለፊቱ። ሁለቱንም የሚያስተምር ፕሮግራም ለወደፊት ዕድሜያችሁ ያስባል። ስትጎበኙ አልጋው ከፍና ዝቅ ይላል ወይ፣ የልብ ጫፍ የሚመረመርበት ቀዳዳ አለው ወይ፣ አስተማሪው የተማሪውን አቀማመጥ ያርማል ወይ፤ እነዚህን አስተውሉ። አሁኑኑ የትከሻ ሕመም ያለበት ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሐኪም ያማክር።

እንግዲህ እኔን ምረጥልኝ ብትሉኝ እንዲህ እላለሁ። የጤና ሙያ ያለው ሰው እውቅና ያለው የሆስፒታል ሰርተፊኬት ይፈልግ፤ ካላገኘ የኮሌጅ። ከዜሮ የሚነሳ ወጣት፣ አቅሙ ካለው፣ ባችለር፤ ከሌለው አሶሼት፣ ያለ ምንም ሐፍረት። ቀን እየሠራ ማታ መማር ያለበት ሰው ንድፈ ሐሳቡ ኦንላይን፣ ልምምዱ ግን የተመደበለት ፕሮግራም ይፈልግ፤ የልምምዱ ወራት ግን ሙሉ ቀን እንደሚወስዱ አውቆ ከወዲሁ ይቆጥብ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ኢኮ ክፍል ገብታችሁ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ይፈቅዳሉ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፣ ሰው ራቁት ደረቱን ሰጥቶ ይተኛል፣ አንዳንዱ ይፈራል፣ አንዳንዱ «ምን ታያለህ?» እያለ ይጨቀጭቃል፤ ሶኖግራፈሩ መልሱን ቢያውቅም ውጤቱን የመናገሩ ሥልጣን የሐኪሙ ነው። ያን ዝምታ በፈገግታ መያዝ ትችሉ እንደሆነ እዚያው ታውቃላችሁ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሱና የልምምድ ሆስፒታሉ ስም፣ የልምምዱ ሰዓት ብዛትና የሚጀመርበት ወር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። «በኋላ እንነግራችኋለን» ካሉ፣ ክፍያውም በኋላ ይሁን።